የተለጠፈው ዋጋ

አተት ከተማው ውስጥ የገባበት ክረምት ነበር። የስድስት ዓመት ልጄን ከጠዋት ጀምሮ ሲያስቀምጣትና ሲያስመልሳት ቆይቶ ረፋዱ ላይ ዓይኗ ጎደጎደ፤ ብጠራትም አልመለሰችልኝም። አዝዬ ጤና ጣቢያ አደረስኳት።

«ግሉኮስ አልቆብናል፤ ከውጭ ገዝተሽ ቶሎ አምጪ» አለችኝ ነርሷ። «ወደ ማታ ሁለተኛ ያስፈልጋት ይሆናል።»

ከአራተኛ ክፍል ባላልፍም ጠንቃቃ ነኝ። በዚያ ሰሞን መድኃኒት ላይ ዋጋ የጨመረ ሱቁ ይታሸጋል ተብሎ ቀበሌው በር ላይ ዋጋ ተለጥፎ ነበር። በዚያ ሳልፍ የግሉኮሱን በአንዲት ሉክ ወረቀት ገልብጬ ያዝኩ። መርካቶ ዋጋ ሳያውቁ አይገባም።

ሲኒማ ራስ አጠገብ ያለ መድኃኒት ቤት ገብቼ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። ሻጩ እሱን አየ፣ እኔን አየ።

«አልቋል።»

«ያውና ካርቶኑ ከኋላህ!»

«ባዶ ነው፣ እትዬ። ተቆጣጣሪ ነጠላ አልብሶ መላክ ተጀመረ እንዴ?»

ተራ የያዙት ሳቁ። ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ብምልም አላመነኝም። ወደ ተክለ ሃይማኖት ወረድኩ። ሁለት መድኃኒት ቤቶች ወረቀቱን ሲያዩ አልቋል አሉኝ። በሁለተኛው በር ላይ አንድ ኩሊ ሸክሙን እንዳዘለ፣ «እናቴ፣ ያንን ወረቀት ይዘሽ ጨው እንኳ አይሸጡልሽም» አለኝ።

ያን ሁሉ ሰዓት የፈጀሁባት በገዛ እጄ ጽሑፍ ነበር።

ቀድጄ ጣልኩት። አራተኛው ቤት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «ጋሼ፣ ያሉኝን እከፍላለሁ» አልኳቸው። የተለጠፈውን ሦስት እጥፍ ጠሩ። የእቁቤን ብር ጨምሬ ከፈልኩ፤ ግሉኮሱ ከወንበራቸው ሥር ወጣ።

በሩ ላይ ሁለት ተቆጣጣሪዎች አስቆሙኝ።

«በስንት ሸጡልሽ? ንገሪን፣ አሁኑኑ እናሽገዋለን።»

ሽማግሌው ከውስጥ ያዩኛል። ከኋላዬ አንዲት እናት ብሯን በመሐረብ ቋጥራ ተራዋን ትጠብቃለች። የነርሷ ቃል ትዝ አለኝ፤ ወደ ማታ ሁለተኛ።

«በተለጠፈው» ብዬ ሮጥኩ።

ነርሷ መርፌውን ስትሰካ ልጄ አላለቀሰችም። ምነው ባለቀሰች አልኩ። ለሁለተኛው ስመለስ ሽማግሌው ዋጋውን ደግሞ ከፍ አድርገው ጠበቁኝ። ከጎረቤት ተበድሬ ከፈልኩ።

ሁለተኛው ሲጋመስ «እማ፣ ውኃ» አለችኝ። ያቺ ባለ መሐረብ እናት ግን፣ የያዘችው ብር በቅቷት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።