የለሰለሰው ሰደፍ

ጋሽ ሉዎ ዴሹን ጭረት አይወድም። ወደ ወረዳችን የባህል ጽሕፈት ቤት ከመምጣቱ በፊት ሃያ ዓመት በአናጢነት ስለሠራ፣ የተጫረ እንጨት ሲያይ እጁን ይበላዋል።

ከጃፓኖች ጋር የተደረገው ጦርነት ያበቃበት አርባኛ ዓመት ሲቃረብ፣ ወረዳችን የመታሰቢያ አዳራሽ ልትከፍት ተነሣች። የድሮ ጠብመንጃ መሰብሰቡ ለሱ ተሰጠ። የክፍለ ሀገራችንን የሲቹዋንን ተራራ እየወጣና እየወረደ ከጣሪያ ሥር፣ ከደረቀ ጉድጓድ ሲያወጣ ከረመ። የእያንዳንዱን ጠብመንጃ ቁጥር በቃሉ ይወጣዋል። የሚስቱን የልደት ቀን ግን አያውቅም እያልን እኛ የቢሮ ባልደረቦቹ እናበሽቀዋለን።

አንድ ቀን ከሟቹ ከሄ ሹንጉዋን ቤት፣ አሳማ ማደሪያ ሥር ተቀብሮ የኖረ፣ ሃንያንግ የሚሉት የድሮ የቻይና ጠብመንጃ ይዞ መጣ። ሰደፉ ጭቃ በጭቃ፣ ጭረት በጭረት ነበር። ሦስት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፤ ዘይት ደጋግሞ ቀባው።

«አቤት ጋሽ ሉዎ፣ ሙሽራ አስመሰልከው እኮ!» ያልኩት እኔው ነኝ።

በወሩ ጂንግ ዩጄን የሚባሉ አሮጊት ደረቅ ቃሪያ በከረጢት ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ከሄ ቤት የመጣው የወንድሜ መሣሪያ ነው። ወንድሜ ጦርነቱ ላይ ሲሞት ጓደኛው ሄ ይዞት ተመለሰ። ዓሣ ሻጮች ነበርን፤ ስሙን መጻፍ ስለማይችል ሰደፉ ላይ ዓሣ ቀርጬበታለሁ ብሎ ልኮብኝ ነበር። መቃብር የለው፣ ፎቶ የለው። እስቲ አንዴ ልዳብሳት።»

ጋሽ ሉዎ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እማማ፣ ዓሣ አልነበረበትም» አለ።

«እንግዲያ ሄ ተሳስቶ የሌላ ሰው አምጥቷል። የኔው ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው። በርታና ፈልግልኝ» ብለው ቃሪያውን ትተውለት ሄዱ።

እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ ጠብመንጃ መጣ በተባለ ቁጥር እማማ ጂንግ በአውቶቡስ ይመጡና ሰደፉን ሁሉ ዳብሰው ይመለሱ ነበር። ጋሽ ሉዎ ቀና ብሎ አያያቸውም ነበር። ቃሪያውንም አልበላውም፤ መስኮቱ ላይ ሻገተ። በመጨረሻ አላስችል ሲለው፣ ለሰባተኛ ጊዜ ሲመጡ የለሰለሰውን ጠብመንጃ ከማሳያው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አውጥቶ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠው።

«ይሄው ነው፣ እማማ። ጭረት መስሎኝ እኔ ነኝ የፋቅሁት። ዋሽቼዎታለሁ።»

እጃቸውን በለሰለሰው እንጨት ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሱ።

«ይሁን» አሉ። «ዓሣዋን አንተ አይተሃታል። ንገረኝ፣ ፊቷ ወዴት ነበር? ወደ አፈሙዙ ነው ወይስ ወደ ትከሻው?»

የሁሉንም ቁጥር በቃሉ የሚወጣው ጋሽ ሉዎ ይህን ግን አያውቅም ነበር። እሳቸው መልሱን እየጠበቁ እኔን አዩኝ። እኔም አላየኋትም ነበር።