ትልቁን ነበር የመረጥኩት

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ጥይት መምረጥ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ምሳ በልተን፣ ልጆቻችን ከማዕድ ተነስተው፣ ሳህኑን እንኳ ሳላነሳ ባለቤቴ ከጃኬቱ ኪስ ሦስት ጥይቶች አወጣና ጠረጴዛው ላይ በቁማቸው ደረደራቸው። ባሩድ የሌላቸው፣ ለማሳያ የተሠሩ ናቸው። ከምንኖርበት ከኦሮራ ማዶ ሌክውድ ከተማ ያለው ጠመንጃ ጠጋኝ፣ አንድ ነጭ ሽማግሌ፣ አውሶት ነው።

ባለቤቴ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ከጓደኛው ጋር ተራራ ወጥቶ ኤልክ ያድን ነበር። ኤልክ ከአጋዘን ወገን ነው፤ ቁመቱ ግን ፈረስ ያህላል። የጠመንጃው አፈሙዝ አርጅቶ ጥይት መበተን ስለጀመረ አዲስ ሊያስገጥምለት ነበር። አፈሙዝ ሲቀየር የጥይቱንም ውፍረት መቀየር ይቻላል፤ ካሊበር የሚሉት እሱን ነው። የሦስቱም ቀለህ ከታች እኩል ስለሆነ ሌላው የጠመንጃው አካል አይነካም ብሎ አስረዳኝ። የሚለያዩት ጫፋቸው ላይ ነው። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ሲጠቀምበት የኖረው፣ ሦስተኛው ደንደን ያለ።

“ምረጪ” አለኝ።

“እኔ ስለ ጥይት ምን አውቃለሁ?”

“ሥጋውን የምትበይው አንቺ አይደለሽ? ምረጪ እንጂ።”

ትልቁን አነሳሁ። “ይሄ ይሁን። ኤልኩ ዞር ብሎ ማን ነው የነካኝ እንዳይልህ።”

“እሱ እኮ ትከሻ ይነቅላል።”

“ከመቼ ወዲህ ነው ለትከሻህ ማዘን የጀመርከው? ሸመገልክ እንዴ?”

ሳቀ። “እሺ እመቤቴ፣ ትልቁ ይሁን” አለና ከኪሱ አንድ ደረሰኝ አውጥቶ ጀርባው ላይ ጻፈው። እኔ ሳህኑን አነሳሁ፤ እሱ ሶፋው ላይ ጋደም አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኤርፖርት የተሳፋሪ ሻንጣ ከሚነዳው ታክሲ ሲያወርድ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ሆስፒታል ስደርስ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሐኪሟ ገብታ “እንደምታውቁት ካንሰሩ አጥንቱን ቦርቡሮታል” አለች። “እንደምታውቁት” ያለችው የአነጋገር ልማድ መሰለኝ። ባለቤቴ ዓይኑን አፍጥጦ “ካንሰር?” አለ። አቀፍኩት። “አይዞህ፣ አብረን ነው የሰማነው፣ አብረን እንችለዋለን” አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በሁለት ወሩ ሞተ።

አርባው ካለፈ በኋላ ሽማግሌው ደወለ፤ ጠመንጃው ካለቀ ቆየ፣ የሚወስደው ጠፋ አለ። መሞቱን ነገርኩት። በማግስቱ ከኦሮራ ሌክውድ ድረስ ነዳሁ።

ጠመንጃውን አረንጓዴ ጨርቅ ላይ አጋደመልኝ። ስለ ጠመንጃ አላውቅም፤ ጠባብና ሰፊ ቀዳዳ ግን እለያለሁ።

“ይሄ ትልቁ አይደለም” አልኩት። “እኛ የመረጥነው ትልቁን ነበር።”

ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ የትእዛዙን ወረቀት አወጣ። የባለቤቴ ፊርማ አለበት። ምልክት ያደረገው ቀጭኑ ላይ ነው። ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱን ጥይቶች ጠረጴዛችን ላይ ከደረደረበት እሑድ አምስት ሳምንት ይቀድማል።

“መጀመሪያ እሱም ትልቁን ነበር የሚፈልገው” አለ ሽማግሌው። “ቀጭኗ ለኤልክ ታንሳለች፣ በጣም ካልቀረብክ ታቆስለውና ያመልጥሃል ብዬው ነበር። በኋላ ሐኪሞቹ ስለ አጥንቱ ያሉትን ነገረኝ። በትልቁ ቢተኩስ ሰደፉ ትከሻውን ይሰብረዋል። የቀጭኗ ምት ቀላል ነው። አንድ ጥቅምት ብቻ ይበቃኛል አለኝ።” ፊቴን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። “ይቅርታ፣ የምታውቂ መስሎኝ ነው።”

“ታዲያ ጥይቶቹን ለምን አዋስከው?”

“ለባለቤቴ ላሳያት ብሎኝ ነዋ።”

መኪና ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። አንድ የማላውቀው ሰው፣ ዘይት በነካው እጁ፣ የባሌን አጥንት ከእኔ በፊት ያውቀዋል።

እሑድ የአደን ጓደኛውን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠብቄ ያዝኩት።

“ታውቅ ነበር?”

መሬት መሬት አየ። “እህቴ፣ በልጆቼ አስምሎኝ ነው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከፋሲካ።”

“እኔ እኮ የታመመ ሰው አጥቤ፣ አጉርሼ ነው ደሞዝ የምበላው። ለባዕድ የማደርገውን ለባሌ አላደርግለትም ብሎ ነው?”

“እንዳትሸበሪበት ብሎ ነው እንጂ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚያዝ ለአንቺ መቼ ይጠፋሻል? የእናቱን ጊዜ ረሳሽው?”

አልረሳሁትም። እናቱ አዲስ አበባ ሲያርፉ የተደወለው ለእኔ ነበር። መርዶ ነጋሪዎች እስኪሰበሰቡ አራት ቀን ደበቅኩት። ሥራ ውሎ ሲመጣ ራት አቀረብኩለት፤ “ማዘር ስልክ አያነሱም” ሲለኝ “ኔትወርክ ይሆናል” አልኩት። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ገብተው አረዱት። ለቅሶው ሲያልቅ አንድ ቀን “አራት ቀን ሙሉ ፊቴን እያየሽ እንዴት ቻልሽ?” አለኝ። ወጉ ነው አልኩት። እውነትም ወግ ነው፤ ሁሉም ሰው ያደርገዋል።

ጓደኛውን እዚያው ደጅ ጥዬው ሄድኩ። መልሱ የመጣልኝ ቆይቶ ነው። የእናቱን ሞት በዚያው ቀን ቢሰማ የሚያደርገው ነገር አልነበረም፤ ሞተዋል። እኔ ግን ከፋሲካ ጀምሮ ባውቅ ሥራ እቀንስ ነበር። ሻንጣ አታንሳ እለው ነበር። ተጨማሪ ፈረቃ ገብቼ ብቻውን ያመሸባቸውን ቀናት አስባለሁ፤ ማንም ሳያስገድደኝ።

አንዳንዴ ያን እሑድ ሊነግረኝ ፈልጎ ይሆናል እላለሁ። ትከሻ ይነቅላል ያለው እንድጠይቀው ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ሸመገልክ ብዬ ቀለድኩበት። እንዲህ ሳስብ ልቤ መራራት ይጀምራል። ወዲያው ሆስፒታል ውስጥ “ካንሰር?” ያለበት ድምፅ ይመጣብኛል። መደበቁን ወግ ልበለው። እንዳልሰማ ሆኖ በእቅፌ ውስጥ መደንገጡን ግን ምን ልበለው? ያጽናናሁት ሰው ሁሉንም አስቀድሞ እያወቀ ነው የተጽናናው።

ጠመንጃውን አላመጣሁትም፤ ሽማግሌው እስክወስን ያቆይልኛል። ያመጣሁት የሕክምና ማኅደሩን ነው። ሚስት ስለሆንኩ ፎርም ሞልቼ ሰጡኝ፤ ወፍራም ነው። መጀመሪያ የነገሩት ዕለት ብቻውን እንደነበረ፣ ባለቤትህን እንጥራት ወይ ብለውት እንደሆነ፣ ብለውት ከሆነም ምን እንደመለሰ ማወቅ እፈልጋለሁ። የሐኪም እንግሊዝኛ ስለሚከብደኝ፣ ልጆቼ እንዲያነቡልኝም ስለማልፈልግ፣ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት አንድ አንድ ገጽ አነባለሁ።