በክብሪት የተፈተነው በርኖስ

ልባሽ ልብስ በስልክ መግዛት ለእኔ ቢጤ ተጠራጣሪ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ገበያ ቢሆን ኮሌታውን ገልብጬ፣ ብብቱን አሽትቼ፣ ወደ ፀሐይ አንሥቼ ብል መብላት አለመብላቱን አያለሁ። በስልክ ግን የማየው ሻጩ እንዳይ የፈለገውን ብቻ ነው።

አምና ለአባቴ በዚሁ መንገድ የገዛሁለት በርኖስ የበግ ጠጉር ነው ተብሎ ናይለን ሆነ። አባቴ አንኮበር ውስጥ ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። እሳት ዳር ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ ጫፉ ቀለጠና ተሳሳቁበት። «ተማረ ብለን!» አለኝ። ያቺ ቃል ዓመቱን ሙሉ ከነከነችኝ። ሁለተኛ ላላሳፍረው ማልኩ።

ዘንድሮ አንዲት የመሐል ሜዳ ሴት የወንድሟን በርኖስ ለሽያጭ ለጠፈች። የትከሻውን፣ የስፌቱን፣ የውስጡን ፎቶ ጠየቅኳት፤ ሁሉንም ላከች። ጭራሽ ብል ነክቶት የተሰፋውን ቦታ ሳልጠይቃት አሳየችኝ። ይሄኔ ባሰብኝ። ትንሹን ጉድለት በራሱ አፍ የሚናገር ሻጭ ትልቁን ሊሸፍን ነው አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ናይለን አለመሆኑን እንዳይ ከበርኖሱ ክር መዝዛ ስታቃጥል በቪዲዮ ቀርጻ ላከችልኝ። ክሩ ከሌላ ልብስ ቢሆንስ? ደወልኩላት።

«ክብሪቱን እዚያው በርኖሱ ላይ አስጠጊና አሳዪኝ።»

«ኧረ ወንድሜ፣ ይበላሻል እኮ!»

«ጫፉን ብቻ። ካልሆነ ይቅር።»

አስጠጋችው። እሳቱ ያዝ አደረገውና ወዲያው ጠፋ፤ የጠቆረው ስትነካው ተፈረፈረ እንጂ አልቀለጠም። እውነተኛ የበግ ጠጉር ነበር።

«እሳቱ የበሳውን ቀዳዳ ሰፍቼ ልላክልህ?» አለችኝ።

በዚያ ሰበብ ልትለውጥብኝ ይሆናል ብዬ «እንዳትነኪው፣ እንዳለ ላኪው» አልኳት።

አንኮበር ይዤለት ሄድኩ። አባቴ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው፣ አሸተተው፣ ፊቱ በራ። «ይሄስ የበግ ነው!» ብሎ ደረበው። ደስታው እኔንም አሞቀኝ። ከዚያ ጫፉን ሲያስተካክል ጣቱ ቀዳዳው ውስጥ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እኔ ነኝ ያስቃጠልኩት ማለት ነበረብኝ። ያ «ተማረ ብለን» የሚለው ትዝ አለኝና ፈራሁ።

«እንዲህ አድርጋ ላከችልኝ» አልኩ።

«ሳትነግርህ? ቀጣፊ!» አለ። «ዘንድሮ ሰው አይታመንም፣ ልጄ።»

«አይታመንም» አልኩት፤ ዓይኑን ግን ማየት አልቻልኩም።