ሩዝ የሚጠብቁ ሙሽሮች

ኮምፒውተሬ ግንባሩ ላይ የሲዲ መሳቢያ አለው። ከመሳቢያው ሥር ደግሞ ፍሎፒ የሚጎርስበት ቀጭን አፍ አለው። ወረታ ስመደብ ከአዲስ አበባ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ያመጣሁት ሀብቴ ይኸው ነው። ፍሎፒ የሚባለው ነገር ዛሬ የት እንደሚገኝ አላውቅም። ያን አፍ እስካሁን የተጠቀመበት አንድ በረሮ ብቻ ነው፤ እሱም ሳይመቸው አልቀረም።

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ በዚህ ኮምፒውተር ላይ መቀለድ አይሰለቻቸውም። የእነሱ ላፕቶፖች እንደ ቂጣ የሳሱ ናቸው፤ የሲዲ መሳቢያ ቀርቶ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ እንኳ የተረፈላቸው በመከራ ነው። "አሁን በዚህ ዘመን ዲስክ ማን ይጠቀማል? ሁሉ ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ሁሉ ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ። ችግሩ ኢንተርኔቱ ወረታ ላይ አለመኖሩ ነው። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር እነዚያ የሳሱ ላፕቶፖች ይከደኑና ዘመናዊዎቹ ሰዎች በሙሉ ሻይ ቤት ይሰበሰባሉ። እኔም እዚያው አገኛቸዋለሁ፤ እዚያም ወሬው ስለኔ ኮምፒውተር ነው።

እኔ መሳቢያውን ያቆየሁት አርቄ አስቤ አይደለም። ጣለው ሲሉኝ እልህ ስለሚይዘኝ ነው።

የምኖረው በአንዲት ጨርቅ ሻጭ ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ነው። አከራዬ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁን ብቻቸውን ይዘውታል። ሟች ካሜራ የሚጠሉ ሰው ነበሩ ይባላል። መታወቂያቸው ላይ ያለው ፎቶ እንኳ ፎቶ አንሺውን ሊመቱት የተነሱ ያስመስላቸዋል። ድምፃቸውና መልካቸው አንድ ላይ የተቀረፀው ታላቋ ልጃቸው ስትዳር በተሠራው የሰርግ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ሙሽራዋን ሲመርቁ ይታያሉ። ከሰርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ፤ ከዚያ ወዲህ ዲስኩን አጫውቶ ያየ ሰው የለም።

ያን ጊዜ ታናሿ ልጅ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። አሁን እሷም ታጭታለች፣ ኒካሁም ሩዙ ሲታጨድ እንዲሆን ተቆርጧል። በዚያ ቤት ሴት ልጅ አባቷ ሳይመርቃት ደጃፉን አትሻገርም። አጎቶቿ እንመርቃለን ብለው ነበር። እሷ ግን "የአጎቶቼ ምርቃት ይድረሰኝ፣ አልጠላም። የአባቴን ድምፅ ግን ሳልሰማ አልወጣም። እንዴት እንደሚናገር እንኳ አላውቅም" አለች። ይህን ስትል እኔም ግቢው ውስጥ ነበርኩ።

እንግዲህ ዲስኩ የት አለ? እዚህ ላይ ነው ሥልጣኔ የሚገባው።

አከራዬ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፣ ባህር ዳር ኮምፒውተር ተምሮ እዚያው የሚሠራ። ባለፈው ለበዓል ሲመጣ የእናቱን ቤት ከኋላ ቀርነት ነፃ ሊያወጣ ተነሳ። ዲስክ የሚያጫውተውን ዴክ ከቴሌቪዥኑ ሥር አውጥቶ ጣለ። "አስፈላጊውን" ሁሉ ከጥፍር የማትበልጥ ፍላሽ ላይ ገለበጠና እናቱ እጅ ላይ አስቀምጦ "ይኸው እማ፣ ሕይወትሽ በሙሉ እዚች ውስጥ ነው" አላቸው። የቀሩትን ዲስኮች በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ፣ ጨርቅ ሊገዛ ለመጣ የፎገራ ገበሬ መረቀለት። ገበሬው ወፍ የሚያስፈራራበት የሚያብለጨልጭ ነገር ሲፈልግ የሰነበተ ሰው ነውና መርቆት ሄደ። በቤቱ ውስጥ በነፃ የተገኘው ምርቃት ያ ብቻ ነበር።

ቀኑ ሲቃረብ ልጁ ከነላፕቶፑ መጣና ቤተሰቡን ሰብስቦ ፍላሿን ሰካ። ላፕቶፑ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፍላሿን ለመጠቀም ፎርማት መደረግ እንዳለባት ገልጾ፣ ፎርማት ላድርጋት ወይ ብሎ በትህትና ጠየቀ። የአንዲት ሴትን ሕይወት በሙሉ ላጥፋው ወይ ብሎ የሚጠይቅ እንዲህ ያለ ጨዋ ማሽን አይቼ አላውቅም። ልጁ ነቅሎ ሰካት፣ አፉን አስጠግቶ እፍ አለባት፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠራረጋት። ባህር ዳር ድረስ የተሄደው ይህን እፍ ማለት ለመማር ከሆነ እኔም አስተምረው ነበር።

"ግድ የለም፣ ዋናው ዲስክ አለ" አለና ወዲያው ራሱን አከከ። ዲስኩ የት እንዳለ ትዝ ብሎት ነው። የታላቂቱም ቅጂ የለም፤ ልጆቿ የመኪና ጎማ አድርገው ጨርሰውታል። ሰርጉን የቀረፀው ቪዲዮ ቀራጭም ሙያውን ትቶ የስልክ ሽፋን ይሸጣል፣ ያለፈ ሥራ አላስቀምጥም አለ። እናትየው አልተቆጡም። ተነሱና "ጫማህን አድርግ፣ ማሳው ድረስ እንሄዳለን" አሉት። ዞር ብለውም "አንተም ና፤ ዲስክ የምታውቅ አንተ ነህ" አሉኝ። በዚህ ከተማ ስከበር የመጀመሪያዬ ነበር።

ውሃው ከሜዳው ከሸሸ ሰንብቷል፣ ጭቃው ግን አልሸሸም። ልጁ ነጭ ስኒከር አድርጎ ነበርና ስለሱ ጫማ ምንም አልልም። ሩዙ ቢጫ ሆኖ አጎንብሷል። ከሩዙ በላይ፣ በየተተከለው እንጨት ላይ በሲባጎ የታሰሩት ዲስኮች በነፋስ ይሽከረከራሉ። ገበሬው ለጎረቤቶቹም አካፍሎ ኖሮ እስከ ሩቅ ድረስ ሜዳው ሁሉ ብልጭ ድርግም ይላል።

"ኧረ እትዬ፣ እንደምን አደሩ! ምነው በደኅና ነው ወይ?" አለ ገበሬው ከማማው ወርዶ።

ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ። "እኔ እንዴት አውቄ እትዬ! ልጅዎ ዋጋ የለውም ብሎ በከረጢት ሰጠኝ። እኔማ ስመርቀው ነው የከረምኩ። ወፉን እኮ ልኩን አሳዩልኝ፤ ከወንጭፍ ይበልጣሉ። አሁን ባወርዳቸው ግን ያ ሁሉ ወፍ ይወርድብኛል።"

አከራዬ ለሚወርደው ዲስክ ሁሉ ከሱቃቸው ቀይ የጨርቅ ቁራጭ ሊሰጡት ቃል ገቡ። ገበሬው ቀይ ጨርቅ ወፍ ያስፈራ እንደሆነ ትንሽ አሰበበትና ተስማማ።

ፍለጋው ቀላል መስሎኝ ነበር። ዲስኩ ጀርባ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ ታትሟል፣ እሱን ማየት ነው። ነገር ግን የሰርግ ዲስክ ለጎረቤት ማዋስ ልማድ ነው፤ የተዋሰም አይመልስም። በዚያ ከረጢት ውስጥ የአካባቢው ትዳር ግማሹ ሳይኖር አይቀርም። በየእንጨቱ ሥር ቆመን ቀና ስንል ሙሽሮች ከነካባቸው ፈገግ ብለው ይዞሩብናል። አንገት ለአንገት የተያያዙ አሉ፣ የፕላስቲክ አበባ የያዙ አሉ፣ ከመኪና ጣሪያ ላይ ብቅ ያሉ አሉ። ሁሉም ሩዝ ይጠብቃሉ። መንግሥት እንዲህ ያለ የተደራጀ የጥበቃ ኃይል አይቶ ቢሆን ኖሮ ደመወዝ ሳይቆርጥላቸው አይቀርም ነበር።

"ይችማ ተፋታለች" አሉ አከራዬ አንዱን እያዩ። "ባሏ ጎንደር ሌላ አግብቷል።" እዚህ ማሳ ላይ ግን ባልና ሚስቱ ሳይጣሉ አብረው ይዞራሉ። ልጁ በየመሃሉ "እማ፣ ብናገኘውም አይሠራም፤ ፀሐይ በልቶታል" ይላል። የሰውን ተስፋ መቁረጥ ሙያው ሳይሆን አልቀረም።

ዲስኩን ያገኙት አከራዬ ናቸው፣ ከጎረቤት ማሳ ዳር። ዲስኩ ላይ ጭቃ ደርቋል፣ ወፎቹም ስለ መስፈራራታቸው ያላቸውን አስተያየት ጥለውበታል። ታላቂቱ ልጃቸው ግን ከዚያ ሁሉ ሥር ትስቃለች። ሲባጎውን በጥርሳቸው በጠሱና ዲስኩን በሻርፓቸው ጠቅልለው ከደረታቸው አስጠጉት። እስከ ወረታ ድረስ ለማንም አላስነኩም፣ ባጃጁ ላይ እንኳ እንደያዙት ነው።

ቤቴ ደርሰን ዲስኩን በሳሙና አጠብኩና በንጹሕ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግኩት። ቤተሰቡ በሙሉ ክፍሌ ገባ፤ ታናሿ ሙሽራ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የመሳቢያውን ቁልፍ ተጫንኩ። አልተከፈተም። ደግሜ ተጫንኩ። ስንት ዓመት ጥብቅና የቆምኩለት መሳቢያ ያችን ሰዓት ጠብቆ ሊያዋርደኝ ወሰነ። ልጁ ከኋላዬ ጉሮሮውን ሲያጸዳ ሰማሁት።

"ፊቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ በቀጭን ነገር ወጋ ቢያደርጉት ይከፈታል" አልኩ። አከራዬ ሻሻቸው ላይ የሰኩትን እስፒል ነቅለው ሰጡኝ። ወጋሁት፣ ተከፈተ፣ ዲስኩን አጎረስኩት።

ማሽኑ አጓራ። ዝም አለ። እንደገና አጓራ። "አያነብም" አለ ልጁ። "ዝም በል" አለችው ሙሽራዋ። እኔ በበኩሌ ለሲዲ መሳቢያ ዱዓ ማድረግ ይፈቀድ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አድርጌያለሁ።

መጀመሪያ ጭፈራው መጣ፣ እየተቆራረጠ፤ ሰዎቹ ትከሻቸው በአንድ በኩል ፊታቸው በሌላ በኩል እየቀረ። ከዚያ አባትየው ታዩ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጭናቸው ላይ አንዲት ሕፃን ተኝታለች። ካሜራውን ልክ እንደ መታወቂያው ፎቶ አፈጠጡበት።

"መጀመሪያ ይኸን መብራትህን ወዲያ በል" አሉት ቀራጩን።

ክፍሌ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሙሽራዋ አልሳቀችም። ከዚያ መረቁ። አላህ ትዳራችሁን ይባርክ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቃችሁ፣ ልጅ ወልዳችሁ ሳሙ እያሉ ቀስ ብለው፣ እየከበዳቸው ይናገራሉ። በስክሪኑ ውስጥ ያሉትም ክፍሌ ውስጥ ያሉትም እኩል "አሚን" ይላሉ። ሲጨርሱ ሊነሱ አሉና ጭናቸው ላይ ያለችውን ሕፃን ተመለከቱ። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

"ይችንም እንዲሁ" አሉ። "የዚያን ጊዜ እኖር አልኖር አላህ ነው የሚያውቅ። ምርቃቱ ይኸው አንድ ነው፣ ሁለተኛ አታስጮሁኝ።"

ምስሉ እዚያ ላይ ደርቆ ቀረ። ሙሽራዋ ብቻዋን "አሚን" አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ ምንም የማያስፈልግ ገመድ አስተካከልኩ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

የተነበበውን ያህል ገለበጥኩላቸው። ልጁ ወዲያው ቴሌግራም ላይ ለቀቀው፤ ዘመድ ሁሉ ልብና አበባ ለጠፈበት። በኒካሁ ቀንም ከስልኩ በትልቅ ስፒከር ተሰማና ሙሽራዋ ያንን ሰምታ ወጣች። ልጁ ወደ ባህር ዳር ሲመለስ ትከሻዬን መታ አድርጎ "ይኸው ጋሼ፣ አሁን ሁሉም ስልክ ላይ አለ። ያንን መሳቢያ ካሁን በኋላ ነቅለህ ብትጥለውም ግድ የለም" አለኝ። ባልደረቦቼም ይህንኑ ሰምተው፣ መሳቢያው የመጨረሻ ግዳጁን ስለተወጣ በክብር ይሰናበት ብለው ሻይ ቤት ውስጥ ወስነውልኛል። ነገራቸው ትክክል ነው።

ነገር ግን አከራዬ አንዳንድ ጊዜ ሱቃቸውን ሲዘጉ በሬን ያንኳኳሉ። ዲስኩን በሻርፕ ጠቅልለው፣ እስፒሉን ከሻሻቸው ነቅለው አዘጋጅተው ነው የሚመጡት። አንድ ቀን "ስልክዎ ላይ አለ እኮ፣ ለምን ይቸገራሉ?" አልኳቸው።

"ስልኩማ ገና ስነካው ይናገራል" አሉኝ። "ባለቤቴ እንዲያ ፈጥኖ የሚናገር ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ሲያጓራ፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ ቆይቶ ነው።"

ዲስኩን አጎረስኩት። ማሽኑ ማጓራት ሲጀምር ሻሻቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።