የቅዳሜው መርዶ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሶስና አዲስ ስልክ ገዝታልኝ የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያውን ልታስተካክልልኝ ኩሽና ውስጥ ተቀመጠች። የሰፈራችንን ስም አስገባች። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

«ንፋሱን ለብቻው፣ ዝናቡን ለብቻው አድርጊልኝ። ቀላሉን፣ ቢጫውን ማስጠንቀቂያ ተዪው፤ ከባዶቹ፣ ብርቱካናማውና ቀዩ ብቻ ይጩሁ» አልኳት።

«እማ፣ ሲሪየስሊ? ሰው እኮ የሚፈልገው ዣንጥላ ልያዝ አልያዝ የሚለውን ብቻ ነው።»

«ለዣንጥላማ መስኮት ከፍቶ ማየት ይበቃል» አልኳት።

ሳቀችብኝ። ለእሷ ነገሩ የእድሜ ቅብጠት ነው። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ትሕትና የለኝም። ለንደን ውስጥ ንፋስ መምጣቱን ከእኔ ቀድሞ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። ይህን ስል ጉራ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ በሃያ ሦስት ዓመቴ የሠራሁትን ከነገርኳችሁ በኋላ ግን ጉራውን ትፈቅዱልኛላችሁ።

ያኔ ክላፋም በሚባል የለንደን ሰፈር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ቤት ተጋርቼ እኖር ነበር። ሥራዬ ባተርሲ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር የመንገደኛ ጀልባዎችን ማጽዳት ነበር። ጠዋት ጠዋት በእግሬ ወደ ወንዙ ስወርድ ጭቃውና ናፍጣው ተቀላቅሎ የሚሸተኝን ሽታ፣ ይገርማችኋል፣ እወደው ነበር። የአንዱ ጀልባ አዛዥ የማይሠራ የእጅ ስካነር ሊጥል ሲል ለመንኩት። ስካነር የሚሰማ እንጂ የማይናገር ራዲዮ ነው፤ ከጣቢያ ጣቢያ እየዘለለ ሰው የሚያወራበት ላይ ይቆማል። እጅ ላይ የሚያዝ ትንሽ ጥቁር ሣጥን ነው፤ አንቴናው ከሥሩ ተላቅቋል፤ የባትሪው ቤት በአረንጓዴ ዝገት ተሞልቷል።

ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ዝገቱን ኮምጣጤ ውስጥ በተነከረ ጥጥ ጠረግኩት፤ ሲደርቅ ደግሞ ባትሪው የሚነካቸውን ብረቶች በእርሳስ ላጲስ እስኪያበሩ ፈተግኳቸው። አንቴናውን አጥብቄ አሰርኩ። የማይጠቅሙኝን ጣቢያዎች እየዘለለ እንዲያልፍ አደረግኩና የወንዙን ተቆጣጣሪዎችና የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎችን የአየር ትንበያ ብቻ አስቀረሁለት። ጣቢያ ሳይዝ የሚያሰማውን ሹሹታ የሚዘጋውን ቁልፍ እስክለምድ ጆሮዬ ደነቆረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ያ የረጋ የእንግሊዝ ድምፅ የንፋሱን አቅጣጫና ጉልበት ሲዘረዝር እንደ ዜና ቁጭ ብዬ አዳምጥ ጀመር።

ጀልባና ገመድ ታውቃለች ተብዬ የእድራችን የድንኳን ኃላፊ ሆንኩ። የለንደን ቤት ጠባብ ነው፤ ለቅሶም ሆነ ክርስትና ሲመጣ ሰው የሚቀመጠው ጓሮ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነው። እኔም በላይብረሪ ኮምፒውተር ተመዝግቤ የአየር ማስጠንቀቂያ በሞባይሌ እንዲላክልኝ አደረግኩ። ስመዘገብ ግን የመረጥኩት ለንደንን ብቻ ሳይሆን መላውን ደቡብ ምሥራቅ ነበር። በዚያ በጋ አንድ ክርስትና ላይ «ማዕበል መጣ» ብዬ ድንኳኑን አስነቀልኩ። ማዕበሉ የመጣው ባሕር ዳር ያሉ ከተሞች ላይ ነው። እኛ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ዶሮ ወጥ በላን፤ የክርስትና አባትየው ራሰ በራ ስለነበሩ አናታቸው ቲማቲም መሰለ። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ታደለ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ወይዘሪት ደመና» ብለው ይጠሩኝ ጀመር፤ ስሙም ሐበሾች የሚገበያዩበት ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ድረስ ተከተለኝ። እኔ ግን በማግስቱ ላይብረሪ ሄጄ ምዝገባውን በሰፈርና በንፋሱ ጉልበት ለይቼ አስተካከልኩት።

መከር መገባደጃ ላይ፣ የመንገድ ዳር ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ሳይጨርሱ፣ የእትዬ ሙሉነሽ ወንድም አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። እትዬ ሙሉነሽ ሃክኒ የሚኖሩ፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው እኒሁ ወንድማቸው ጋሼ ወርቁ ነበሩ። ዘመድ ለእሳቸው አልደወለም፤ ማንቸስተር ለሚኖሩት ለአጎታቸው ልጅ ለጋሽ ደምሴ ደወለ፤ እሳቸውም ለጋሽ ታደለ ነገሩ። እዚህ አገር የሥጋ ዘመድ ቢባል ለእትዬ ሙሉነሽ ያሉት ጋሽ ደምሴ ብቻ ናቸው።

ሽማግሌዎቹ መርዶውን ለእሁድ ንጋት ቆረጡ። እሁድ ሰው ከሥራ ነፃ ነው፤ ጋሽ ደምሴም ቅዳሜ ከመጋዘን ሥራቸው ወጥተው ማታ ይደርሳሉ። ከእሁድ ማለፍ ግን አይቻልም። እትዬ ሙሉነሽ ሁልጊዜ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የስልክ ካርድ ፍቀው ለወንድማቸው ይደውላሉ። ካልተነገራቸው የወንድማቸውን ሞት ብቻቸውን፣ ስልክ ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ሊሰሙ ነው። ሞባይሌ ላይ የመጣው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ እሁድን ሙሉ ለንደንን ከባድ ነፋስ እንደሚመታት ይናገራል።

ዓርብ ቀትር እንዳለፈ ስካነሬን ይዤ ጋሽ ታደለ ቤት ሄድኩ። ጥቂት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። የእድሩን ድስትና ሳህን የሚይዙት ወይዘሮ ሐዋም ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ መጥተዋል።

«ጋሼ፣ መርዶው ነገ ጠዋት መሆን አለበት» አልኩ። «እሁድ ባቡር አይኖርም። ድንኳንም አይቆምም።»

«ወይዘሪት ደመና መጣች!» አሉ ጋሽ ታደለ። ሌሎቹ ሳቁ። እሳቸው ግን ወዲያው ኮስተር አሉ። «ስሚ ልጄ፣ ነገ ሰዉ ሥራ ላይ ነው። መርዶ በአምስት ሰው ይነገራል? ደምሴስ? ያለ ደምሴ ምን ብለን ልንገባ ነው?»

«ጋሽ ደምሴ ዛሬ ይነሱ። ኦፍ ይጠይቁ። ሰዉም ሺፍት ይቀይር። እሁድ ብንል እኮ አምስት ሰውም አይደርስም፤ እሳቸውም እንደልማዳቸው ይደውላሉ።»

«ክርስትናውም ላይ እንዲህ እርግጠኛ ነበርሽ» አሉ አንዱ።

«ልጅቷ ትናገር እንጂ» አሉ ወይዘሮ ሐዋ። «ይኸው ራዲዮዋን ይዛ መጥታለች፤ እንስማው።»

የትንበያው ሰዓት እየደረሰ ነበር። ስካነሩን ስከፍተው አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጋሽ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። እኔ አልደነገጥኩም፤ ያቺን ሣጥን ከጣቶቼ እኩል አውቃታለሁ። ባትሪዎቹን አውጥቼ አየሁ፤ በዚያ ሳምንት ወንዙ ዳር እርጥበት ስለበዛ ብረቶቹ ደብዝዘዋል። ከጋሽ ታደለ ትንሽ ልጅ ደብተር አጠገብ ላጲስ አነሳሁና ጠረጴዛው ላይ ብረቶቹን እየፈተግኩ ፍርፋሪውን እፍ አልኩ። ባትሪዎቹን ስመልሳቸው ሹሹታው ቤቱን ሞላው፤ ቁልፉን ሳዞር ሹሹታው ዝም አለና ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ። የባሕሮቹን ስም እየጠራ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ቅዳሜ ማታ ወደ ከባድ ማዕበል እንደሚያድግ አነበበ።

«ምናልባት ሌላ ቦታ ቢሆንስ?» አሉ ጋሽ ታደለ፤ ድምፃቸው ግን ለስልሷል።

«ቴምዝ ሲል እርስዎም ሰምተዋል ጋሼ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አይናቸውን አሹ። «ለደምሴ አሁን እደውልለታለሁ። ግን ነገ ሰው ሳይመጣ ቢቀርና ያቺ ሴት ባዶ ድንኳን ውስጥ ብታለቅስ፣ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው» አሉኝ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በስልክ ስንለምን ዋልን። ቅዳሜ ንጋት ላይ ሃክኒ ስንደርስ ሰማዩ አንድ ደመና አልነበረበትም። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ጋሽ ታደለ ወደ ላይ አዩና ወደ እኔ ዞሩ። ጋሽ ደምሴ ከአገር አቋራጭ አውቶቡስ ወርደው በቀጥታ ስለመጡ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ከፊት አስቀደምናቸውና በሩን አንኳኩ።

እትዬ ሙሉነሽ በነጠላ ተከናንበው ከፈቱ። ጋሽ ደምሴን አዩ፤ ከኋላቸው እኛን አዩ።

«ደምሴ? አንተ በዚህ ሰዓት ... ማን ነው? ንገረኝ፣ ማን ነው?»

«ጋሼ ነው፣ ሙልዬ። ጋሼ ወርቁ ነው።»

እትዬ ሙሉነሽ ሊወድቁ ሲሉ ሴቶቹ ያዟቸው። ያን ጩኸት አልገልጸውም፤ መርዶ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ወደ ጓሮ ሄጄ ካስማ መምታት ጀመርኩ፤ እያለቀስኩ ነበር የምመታው።

ፈርቼ የነበረው ባዶ ድንኳን አልሆነም። መጀመሪያ ከሌሊት ሥራ የወጡ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች ከነዩኒፎርማቸው መጡ። ከዚያ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን መንገዱ ዳር ደርድረው ገቡ። የሼፈርድስ ቡሽ ባለሱቆች በየተራ ሱቅ እየጠበቁ መጡ፤ አንዷ ልጅ የምትሠራበትን ካፌ ሽርጥ እንኳ ሳታወልቅ ነው የደረሰችው። ወይዘሮ ሐዋ ንፍሮውን በትልቁ ድስት ቀቅለው ለጎረቤት እንግሊዞች ሳይቀር በአጥሩ በኩል አሳለፉላቸው። እትዬ ሙሉነሽ መሐል ተቀምጠው ስለ ወንድማቸው እያወሩ፣ ሰዉ እየተቀበላቸው አለቀሱ።

ከሰዓት በኋላም ግን ፀሐይዋ አልጠፋችም። አንድ ሰው «ወይዘሪት ደመና» ሲል ከኋላዬ ሰማሁ። ጓሮው ጥግ ሄጄ ስካነሩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ማስጠንቀቂያው ከጠዋቱ ይልቅ ጠንክሯል፤ ነፋሱ ደጃችን እንደደረሰ ይናገራል። ወደ ጋሽ ታደለ ሄድኩ።

«ድንኳኑ ይውረድ። ከሩቅ የመጡትም አሁን ይሂዱ።»

«የለቅሶ ድንኳን በመጀመሪያው ቀን ይነቀላል እንዴ?» ብለው አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ተቆጡ። ጋሽ ታደለ ፀሐይዋን አዩ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ካስማ ራሳቸው ነቀሉ። ሌሎቹም ወደየካስማው ሄዱ። ድንኳኑን ጠቅልለን ስናስር የመጀመሪያው ነፋስ መጥቶ የጎረቤትን የልብስ ማስጫ ገለበጠው፤ ያን ጊዜ ያልሳቅሁት ለለቅሶው ብዬ ነው።

እሁድ ከተማዋ ቆመች። ባቡር የለም፤ ሰፈሩ መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ መንገዱን ዘግቷል። እኔ፣ ጋሽ ደምሴና ወይዘሮ ሐዋ እትዬ ሙሉነሽ ቤት አድረን ነበር። ቀትር ላይ መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ ሻይ እየጠጣን ሳለ እትዬ ሙሉነሽ ተነሱ። ከመሳቢያ የስልክ ካርድ አወጡ፤ በሳንቲም ፋቁ፤ ቁጥሩን መምታት ጀመሩ። እጃቸው ብቻውን ነበር የሚሠራው። መሐል ላይ ቆሙና አዩን። ጋሽ ደምሴ ሄደው አጠገባቸው ቁጭ አሉ። እትዬ ሙሉነሽ ትንፋሽ ወሰዱና ቁጥሩን እስከ መጨረሻው መቱት። የወንድማቸው ሚስት ነበረች ያነሳችው። «ሰምቻለሁ እህቴ፤ ትናንት ተነገረኝ። ቤቴን ሰው ሞልቶት ነበር። አንቺስ? አንቺን ማን አለሽ?» ሲሏት ሰማሁ። አጽናኟ እሳቸው ሆኑ።

ስልኩን ዘግተው በመስኮቱ ወደ ባዶው መንገድ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ዛሬ ቢሆን ማን ይመጣልኝ ነበር?» አሉ።

ዛሬ ሞት እንደ አየር ማስጠንቀቂያው ሁሉ በስልክ ይመጣል። ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ ሰው አውቶቡስ ውስጥ እንደቆመ የአባቱን ፎቶግራፍ ሻማ ተደርጎበት ያያል። ልጆቻችን ፈጣን ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ቀድሞ ማወቅ ዋጋ የሚኖረው ሰው ለመሰብሰቢያ ጊዜ ሲሰጥ ነው እላለሁ፤ በዚህም ከማንም ጋር እከራከራለሁ። እትዬ ሙሉነሽ አሁን አርጅተዋል። ዓይናቸውም እየደከመ ነው። አዲስ ሰው በተዋወቁ ቁጥር ግን የወንድማቸውን ነገር ያነሳሉ፤ ስለ ነፋሱም፣ ስለ እኔም አንድ ቃል አይሉም። የሚሉት ይህን ብቻ ነው፦ «የወንድሜን ሞት የሰማሁት በሰው መሐል ነው፤ ብቻዬን አላለቀስኩም።»

ይህን ሲሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ከሆነ አንገቴን አልደፋም። ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ።