በምርቃና የተወጠረ ካቴና

በዚያ የኩፖንና የስብሰባ ዘመን፣ በአሰበ ተፈሪ ከተማ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ብልሁ ሳይክል ጠጋኙ ነበር። ይህን የተረዳሁት ግን ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ሽማግሌው ጫቱን ይዞ ከተቀመጠ መፍቻውን ሁሉ ሣጥን ውስጥ ከትቶ ይቆልፍበታል፤ የአውራጃው አስተዳዳሪ ቢመጣ እንኳ አይከፍትም። እኛ ደመወዝተኞቹ ይህን ስንፍና እንለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳይክሌ ካቴና ላልቶ ወሰድኩለት። በማግሥቱ ጠዋት ሚኤሶ መድረስ ነበረብኝ። እዚያ የምታስተምር አንዲት መምህርት ወደ ድሬዳዋ ተዛውራ በባቡር ልትሄድ ነው፤ ከመሳፈሯ በፊት «ላግባሽ» ልላት ቆርጬያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በመምህራን ስብሰባ ላይ አጠገቧ እየተቀመጥኩ ስለ ዝናብ ብቻ ያወራሁ ጀግና ነኝ። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ እሑድ የሚወርድ መኪና አልተገኘም።

ጉዳዬን ለጠጋኙ ነገርኩት። ጉንጩ ሞልቷል።

«መምህር፣ በጫት ሰዓት ሳይክል አይነካም» አለኝ። «ወላሂ፣ አሁን ከጀመርኩ እጄ ማቆሚያ የለውም። ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ና። ካቴና ደግሞ ትንሽ ይላላል አቦ፤ በጣት ስትጫነው ዝቅ ማለት አለበት።»

ተናድጄ ወደ ቤት ገፋሁት። ቤት ውስጥ የጤና ጣቢያው ድሬሰርና የቀበሌያችን የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ እንደ ቅዳሜ ልማዳችን ፍራሽ ላይ ሆነው እየቃሙ ይጠብቁኛል። ከጎረቤት መፍቻ ተውሼ ሳይክሉን መሐላችን ገለበጥኩት።

ስለ ዓለም ወዛደር ስናወራ ካቴናውን ማንም አላየውም። ምርቃናው ሲመጣ ግን የሦስት የተማሩ ሰዎች ዓይን እዚያው ተተከለ። የኋላውን ጎማ ዳዶ እንፈታለን፣ ጎማውን ወደ ኋላ እንስባለን፣ እናጠብቃለን፤ ደግሞ እንፈታለን። ድሬሰሩ የልብ ማዳመጫውን አውጥቶ ካቴናውን አዳመጠ። የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው «መላላት የአድኃሪ ጠባይ ነው» ብሎ እንደገና አስፈታን። ፔዳል ሲዞር ካቴና አንድ ቦታ ላይ ይላላል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጠብቃል። ጠጋኙ ምንጊዜም የጠበቀበትን ፈልጎ ነበር ጣቱን የሚጭነው። እኛ የላላበትን ይዘን ወጠርነው። በመጨረሻ እንደ ክራር ክር ሲጮህ ተጨባበጥን።

እሑድ ቁልቁለቱን እያፏጨሁ ወረድኩ፤ ቁልቁለት ካቴና አይጠይቅም። ሜዳው ላይ መርገጥ ስጀምር ሳይክሉ በየዙሩ አንዴ ያቃስት ጀመር። «የጥብቀት ድምፅ ነው» ብዬ ረገጥኩት፤ ተበጠሰ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግማሽ ቀን ተረጋግተን ነው ያፈሰስነው።

እየገፋሁ ጣቢያው ስደርስ ሰዓቱ አልፏል። ደግነቱ ባቡሩም እንደ ልማዱ አልመጣም። እሷ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። ግራሶ የጠጡ እጆቼን አየችና «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ።

ያኔ ያችን አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን ማስረዳት ያዝኩ። የጠጋኙን ስንፍና፣ የካቴናውን ጥራት ማነስ፣ የሚላላበትንና የሚጠብቅበትን ቦታ መሬት ላይ በእንጨት እየሣልኩ አብራራሁላት። መምህር አይደለሁ! በትዕግሥት ሰማችኝና «ሌላስ?» አለችኝ። ስለ ዳዶው ቀጠልኩ።

ባቡሩ መጣ። ሻንጣዋን አቀበልኳት፤ እጀታው ላይ ጥቁር የጣት አሻራዬ ቀረ። በመስኮት ብቅ ብላ «የካቴናው ነገር በደንብ ገብቶኛል» አለችኝ። «እኔ እንኳ ሌላ ነገር የምትነግረኝ መስሎኝ ነበር።» አፌን ስከፍት ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ሰኞ ከሱብሒ በኋላ ጠጋኙ ካቴናውን ቀጥሎ፣ ፔዳሉን አዙሮ፣ በጣቱ አንዴ ጫን አደረገው። አለቀ።

«መምህር፣ ባቡሩ ሳይሄድ ደረስክ?» አለኝ።

«ደረስኩ» አልኩት። አልዋሸሁም።