ስም የሌለው ልጅ አይከስም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። በየጾሙ ስናዘዝ መጠጡን፣ ሐሜቱን እዘረዝርና እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ዛሬ ግን ይውጣ፤ ስሙኝ።

ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን ላሊበላ፣ ፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ከገነተ ማርያም በኩል እታገኝ የምትባል አራስ መጣች። አራስ፣ አርባዋ ሳይሞላ! እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅምና ክው አልኩ። ሕፃኑን ከጉያዋ አውጥታ ገለጠችልኝ። ቀኝ ክንዱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

«የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሰክሮ መጥቶ ሲያዋልደኝ በክንዱ ጎትቶ አወጣው፣ አያ ወርቁ» አለችኝ። «ደሴ ቶሎ ከታከመ ይድናል አሉኝ። በምን አቅሜ? ክስ ይጻፉልኝና ያሳክመው።»

ድሬሰሩ ማን እንደሆነ ስትነግረኝ ሰማይ ተደፋብኝ። ሚዜዬ ነው።

እና ምን አልኩ? እኔው ነኝ ያልኩት፣ ማንም አላስገደደኝም። «ልጁ ክርስትና ተነሥቷል?» አልኳት። አልተነሣም አለች። «እንግዲያው ስም የለውም። ስም የሌለው ልጅ አይከስም። አርባው ሲሞላ ነይ።»

ውሸት! እናት ለልጇ በተወለደ ማግሥትም ትከሳለች። ይህን አላውቅም ነበር? ለስንቱ ጽፌ የለም ወይ? እሷ ግን እጄን ስማ ተመለሰች። እኔም ሄጄ ለሚዜዬ ነገርኩት። እሱ ዝውውር ጠይቆ ከአካባቢው ጠፋ።

አርባው ሊሞላ ሲል ባሏን ይዛ መጣች። «ክርስትና ያንሡልን፤ ስሙንም እርስዎ ያውጡለት» አሉኝ። እግዚኦ! እንዲህ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል? አነሣሁት፤ አበልጅ ሆንን። ታገሰ አልኩት። ለምን መሰላችሁ? እንዲታገሱልኝ! ከዚያ በኋላ «ሰውየው የት እንደገባ አይታወቅም፤ ክሱም አይሆንም» አልኳቸው። እታገኝ «እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ነው» ብላ ክንዱን በቅቤ እያሸች አሳደገችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔ እኮ ወለምታም አልነበረ፤ አውቄ ነው።

ታገሰ አደገ። ሲያማትብ ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ያነሣዋል። በየበዓሉ መጥቶ ጉልበቴን ይስማል፣ እኔም እመርቀዋለሁ። በየትኛው አፌ?

ባለፈው ሰሞን ልጇ ሲወለድ የተጎዳባትን ጎረቤቱን ይዟት መጣ። የሕፃኑ አንገት ወደ አንድ ጎን ተጣሟል።

«ቀድማ ልትመጣ ነበር፤ አርባው ይሙላ ብዬ ያቆየኋት እኔ ነኝ» አለኝ። «ስም የሌለው ልጅ አይከስም ብለዋል አይደል፣ አባባ? እናቴ ለአገሩ ሁሉ ነግራዋለች።»

ለአገሩ ሁሉ! ስንቷ እናት በኔ ቃል ቤቷ ቁጭ ብላ ጠበቀች? ስንቱ ልጅ መታከሚያ ጊዜው አለፈበት? ወዲያው ጻፍኩላት። ጽፌም ስጨርስ «መጠበቅ አልነበረብሽም፤ ክርስትና ሳይነሣም ይቻላል» አልኳት።

ታገሰ ቀና ብሎ አየኝ። «ያኔስ፣ አባባ?»

ጃንጥላዬን አጥፌ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሚዜዬ ስለሆነ ነው አልል፣ ልጅ ነበርኩ አልል። ይቅር በለኝ ለማለትም ፊት የለኝም። የጠየቅኸኝን ግን ልመልስልህ።

ታገሰ ልጄ፣ ያኔም ይቻል ነበር።